የሶላንዥ የስድብ እንግሊዝኛ

ሶላንዥ ኮክምፖ በእንግሊዝኛ ሻይ ማዘዝ አትችልም ነበር። ማርያምን አልዋሽም! አንዴ ለገና ገበያ አብረን በባሕር ወደ እንግሊዟ ዶቨር ተሻግረን አንድ ሻይ ቤት ገባን። አስተናጋጇ ደብተሯን ይዛ መጥታ ፈገግ ስትልላት ሶላንዥ አፏ ተከፍቶ ደርቃ ቀረች። በመጨረሻ እኔ ነኝ፣ ከ"ሃሎ" እና ከ"ባይባይ" ሌላ የማላውቀው፣ ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ያለውን በጣቴ ጠቁሜ ያዘዝኩት። ሻዩ ግን ቀዝቅዞ መጣ። ያኔ ብታዩዋት! ያቺ ድዳ ሴትዮ ቀና ብላ በእንግሊዝኛ ጀመረች፤ እርጋታው፣ ማሽሟጠጡ፣ ልክ ልክ መንገሩ! ልጅቷ በሶላንዥ አነጋገር ግማሹ ባይገባት እንኳ ሌላው ግማሽ በቅቷታል፤ ጆሮዋ ድረስ ቀልታ አዲስ ሻይ ከነኬኩ አመጣች። ሶላንዥ "አመሰግናለሁ" ልትላት ፈልጋ ቃሉ ጠፋት። በፈረንሳይኛ "መርሲ" ብላት ወጣን።

የተማረችው ከየት መሰላችሁ? ከቅሬታ ደብዳቤ ነው፣ ሌላ ትምህርት ቤት የላትም። እኔ ኖኤላ እዚህ ፈረንሳይ፣ ካሌ ወደብ ላይ፣ መርከቦቹን ወደ ዶቨር የሚያመላልሰው ድርጅት ቢሮ ውስጥ ወለል የምወለውል፣ ምሳ ሰዓት ደግሞ ካፍቴሪያው ውስጥ ሾርባ የምቀዳ ሴት ነኝ። ሶላንዥ ሁለተኛ ፎቅ፣ የቅሬታ ክፍል ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንግሊዞች የጻፉትን አነበበች። ሽንት ቤቱ ሸተተኝ፣ ውሻዬ መርከቡ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ተጨነቀብኝ፣ አስተናጋጁ እንደ ዝንብ ቆጠረኝ፣ አለቃችሁ ማን አለብኝ ባይ ነው። ጉዞው የተመቸው ሰው ቤቱ ገብቶ ይተኛል እንጂ ደብዳቤ አይጽፍም። ስለዚህ የሶላንዥ እንግሊዝኛ ውስጥ ደግ ሰው አልነበረም። ትዕቢተኛ፣ ቀብራራ፣ ተኮፋሽ፣ ጉረኛ፣ ግብዝ፣ ባለጌ፣ ሁሉም በየዓይነቱ አለ። "ጎበዝ፣ የኔ ቆንጆ፣ ተባረክ" የሚል ግን የለም።

አባቷ የዳንቴል ፋብሪካ ማሽን ላይ ነበሩ፣ እናቷ ደግሞ ማሽኑ የሳተውን ዳንቴል በመርፌ የሚጠግኑ። ሶላንዥ አስራ ስድስት ዓመቷ ላይ ትምህርት ትታ ቲኬት መሸጫ መስኮት ገባች። አንድ ቀን ማንም ያልገባው ደብዳቤ መጣ። ሁሉም እየሳቀ ሲቀባበለው እሷ መዝገበ ቃላት ተውሳ ቃል በቃል ፈታችው። በቃ፣ በማግስቱ "የደብዳቤዋ ሴትዮ" ሆነች። አላገባችም። ከእናቷ ጋር ኖረች፤ ካቻምና ክረምት እናቷም ሞቱ።

ሥራዋን ግን እንዴት ትችለው ነበር! አዲስ የመጡ ልጆች "ይሄኛው በጣም ተቆጥቷል፣ ቶሎ እንመልስለት" ሲሏት ትስቃለች። "አንቺዬ፣" ትላቸዋለች፣ "'ነደድኩ፣ ጨስኩ፣ ሁለተኛ አትሰሙኝም' ያለውን ተይው። እሱ በሐምሌ ከነልጆቹ እዚሁ ነው። 'በመጠኑ ተገርሜያለሁ' ያለችውን አምጪ። እሷ ጠበቃ ይዛለች።" ነገሩ ሁሌም እንዳለችው ይሆናል። እኛ ካሌዎች ስንሳደብ ሰፈር ይሰማል። እንግሊዝ ግን ስድቡን በክራባት አስሮ ነው የሚልከው፣ ትለኛለች።

ቡና ማሽኑ ጋ ቆመን ቃላቱን ታስተምረኛለች፣ እኔ በፊቴ እተውናቸዋለሁ። "ሱፐርሲሊየስ" ማለት ቅንድቡን ኮርኒስ ላይ ሰቅሎ ቁልቁል የሚያይሽ ነው። እኔ ቅንድቤን እሰቅላለሁ። "ስማግ" ማለት ራሱን በልቶ የጠገበ ነው። ከንፈሬን እልሳለሁ። ወቀሳውም እንደዚያው ደረጃ ደረጃ አለው፤ መንቀፍ አለ፣ ማብጠልጠል አለ፣ መሸርደድ አለ፣ ከዚያ ደግሞ "ስኬዚንግ" አለ፣ ቆዳ የሚልጥ። የቢሮውን ደረጃ ለሚወጣው ሁሉ አንድ አንድ ቃል እንሰጠዋለን። የሒሳብ ሹሙ የራሱ አለው፣ የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ሁለት አለው። እንዲህ እየሳቅን ነው አዲሱ ኃላፊ ሙሲዬ ቫንካፔል የመጣው።

ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ጫማው ሹል፣ ወሬው ሁሉ "ቡድኔ፣ ቡድኔ"። ለንደን ስድስት ወር ኖሯል፤ ስድስቱን ወር ግን በቀን ስድስት ጊዜ ያነሳዋል።

"ለእሱስ የትኛውን እንስጠው?" አልኳት።

አሰብ አደረገችና "ለሱ አንድ አይበቃውም። ሦስቱን ደርቢለት" አለችኝ።

የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ሁላችንንም ሰብስቦ እየተናገረ ሳለ ሶላንዥ አንድ እንግሊዝኛ ቃል ጣል አደረገች። ቋንቋውን በዓይን እንጂ በጆሮ አልተማረችውም፤ ዝም ማለት ያለበትን ፊደል ሁሉ ትጠራዋለች። "ኖሌጅ" ለማለት "ክኖውሌድጅ" አለች። ቫንካፔል እጁን አነሳ።

"ማዳም ኮክምፖ፣ ይቅርታ፣ ይሄ እንግሊዝኛ ነው ወይስ የካሌ ንፋስ ነው?"

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ምን ላድርግ፣ ያስቃል! ሶላንዥ ግን ወረቀቷን አስተካከለች።

መስከረም ላይ ወሬው መጣ። በቅሬታ ክፍሉ ካሉት ሦስት ሰዎች አንዱ ብቻ ይቀራል፤ የሚቀረውም የእንግሊዝኛ የቃል ፈተና አልፎ በልጦ የተገኘው ነው። ፈታኙ እንግሊዝ ነው፣ በኮምፒውተር እያየሽ ያናግርሻል፣ ውጤቱና አስተያየቱ ለቫንካፔል ይላካል። ሶላንዥ ሃምሳ ስምንት ሞልቷታል። ጡረታዋ ገና ነው።

"ብወድቅ ካሌ ውስጥ ማን ይቀጥረኛል?" አለችኝ። "በእንግሊዝኛ ስድብ ምን ይሸጣል? ዓሣ?"

የፈተናው ጥያቄ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ስለምታደንቂው ሰው አምስት ደቂቃ ተናገሪ ነው የሚለው። ሶላንዥ ስለ እናቷ ልትናገር ወሰነች። አንድ ቀን ካፍቴሪያው ባዶ ሲሆን፣ እኔ ጠረጴዛ እየወለወልኩ፣ ያዘጋጀችውን ወረቀት አውጥታ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ፣ ቀጥላ በኛ ቋንቋ አነበበችልኝ።

"እናቴ ትዕቢተኛ አልነበረችም። ሰውን ቁልቁል አታይም ነበር። አትኮፈስም። ጎረቤቶቿን አታብጠለጥልም። ምግብ ሲያርርባት ማንንም አትዘልፍም። በማንም ላይ አሽሟጣ አታውቅም። ግብዝ አልነበረችም።"

እንዲህ እያለ ሁለት ገጽ ሙሉ ይቀጥላል። አልነበረችም፣ አታደርግም፣ አታውቅም! ከሳቄ ብዛት ጨርቁ ከእጄ ወደቀ።

"ሶላንዥ፣ ይሄ እኮ የፖሊስ ማስረጃ ነው! 'ከዚህ ሁሉ ወንጀል ነጻ ናት' እያልሽ ነው!"

አልሳቀችም። "ሌላ ቃል የለኝም፣ ኖኤላ። መዝገበ ቃላቱን ገልጬ ፈልጌያለሁ። ደግ አለ፣ ሩኅሩኅ አለ፣ ትሑት አለ። ግን አንዱንም ሰው ሲጠቀምበት አይቼ አላውቅም። የት ጋ እንደሚገባ በምን አውቃለሁ?"

ያኔ ዝም ብል ምን ነበረበት? ይሄ ምላሴ ግን መች ያርፋል።

"አንቺ ሞኝ፣" አልኳት፣ "አስተያየቱ ማን እጅ የሚገባ መሰለሽ? እናትሽ ሥራ አይሰጡሽም፣ ነፍሳቸውን ይማርና። ቫንካፔልን አድንቂው!"

"ምላሴ ይጠቀለላል።"

"ይጠቀለል። አለቃዬ ፎርሚዳብል ነው በይ፣ ጨርሺው። እንግሊዝኛውስ ውስጥ ይሄ ቃል የለም እንዴ?"

"አለ። ፊደሉም ያው ነው" አለች። ፎርሚዳብል እኛ ጋ ኬክ ሲጣፍጥ፣ ልጅ ፈተና ሲያልፍ፣ ቀኑ ፀሐይ ሲሆን የምንለው ነው፤ ግሩም ነው፣ ድንቅ ነው እንደ ማለት። እያንዳንዱን ቃል ሦስት ጊዜ ካላገላበጠች የማትጠቀመው ሶላንዥ ይቺን አላገላበጠችም። የራሳችን ቃል ናት፤ በራስሽ ቤት መብራት እያበራሽ ትገቢያለሽ? ከደብዳቤዎቹም በአንዱ ላይ እንኳ አጋጥማት አታውቅም።

ፈተናውን ራሷ ነች የነገረችኝ። ፈታኙ መነጽር ያደረጉ፣ ትሁት ሽማግሌ ናቸው።

"አለቃዬ ፎርሚዳብል ነው" ብላ ጀመረች።

"አሃ። እንዴት?" አሏት ፈታኙ።

"ጠዋት ሲገባ ሁሉም ሰው ቀጥ ብሎ ይቆማል።"

"እርስዎም?"

"እኔም! በጣም እንጂ!"

ሰውዬው አንገታቸውን እየነቀነቁ ብዙ ጻፉ። ቀጥለው "አሁን እኔ የተናደደ መንገደኛ ነኝ እንበል" አሏት። እዚህ ላይ ሶላንዥ እንደ ዓሣ ባሕሯ ውስጥ ገባች። እሳቸው አንድ ሲወረውሩ እሷ ሦስት እየመለሰች፣ እየቀዘቀዘች፣ እያለዘበች፣ ደግሞ ሳያስቡት እየወጋች፣ ሰውዬው መጨረሻ ላይ አጨበጨቡ አሉ።

በጥቅምት ውጤቱ መጣ፤ ከሦስቱም አንደኛ ሆነች። ሁለቱ ሴቶች ዕቃቸውን ሸክፈው ሄዱ። አስተያየቱ ሁለት መስመር ነበር፤ "ማዳም ኮክምፖ ስለ ፎርሚዳብል አለቃቸው በሚያስደንቅ ችሎታ ተናግረዋል" ይላል። ቫንካፔል ስብሰባ ላይ ቆሞ በለንደን አፉ አነበበው። ሁለት ጊዜ! ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በመስታወት አስገብቶ ስብሰባ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ማክሰኞ ማክሰኞ አቧራውን የምጠርግ እኔ ነኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ "ሶላንዥ፣ የኛ ሶላንዥ!" ሆነ። ጠዋት ሲገባ ጉንጯን ይስማታል። የቢሮዋ ወንበር ተቀየረ። እሷ መጀመሪያ አፍራ ነበር፤ በኋላ ግን ስሟ ሲጠራ ቀና ማለት ጀመረች። እኔም ታዲያ በየፎቁ እየዞርኩ "ምክሩ የኔ ነው" ስል ከረምኩ።

ሚያዝያ ላይ የዶቨሮቹ ሰዎች ለስብሰባ መጡ። እኔ ታርት፣ በማርዋል አይብ የሚጋገር የኛ አገር ኬክ፣ እያዞርኩ ነበር። ሚስስ ፔንፎልድ የሚባሉ ወፍራም፣ ሳቂታ ሴትዮ መነጽራቸውን አድርገው ግድግዳው ጋ ቆሙ። አነበቡ። አፍንጫቸው ውስጥ አንድ ነገር ፈነዳ፤ ቶሎ ብለው አፋቸውን በመሐረብ ያዙ።

"ውይ፣ ምስኪን ሴት! ሙሲዬ ቫንካፔል፣ ይህን ያህል ያስፈራሯታል እንዴ?"

"ይቅርታ?" አለ ቫንካፔል።

ሴትዮዋ በዚያ በተሰባበረ ፈረንሳይኛቸው፣ ክፋት የለባቸውም እኮ፣ አስረዱት። "እናንተ ጋ ግሩም ማለት ነው አይደል? እኛ ጋ ግን ፎርሚዳብል የሚባለው ሲመጣ ልጆች አልጋ ሥር የሚገቡለት ሰው ነው። እኔ አንዲት አክስት ነበረችኝ…" ብለው የአክስታቸውን ታሪክ ጀመሩ። አንዱ የዶቨር ሰውዬ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወደ መስኮቱ ዞረ። የኛዎቹም፣ እንግሊዝኛ የማያውቁት ጭምር፣ ታርታቸውን ማየት ጀመሩ። ቫንካፔልም ሳቀ፤ ጥርሱ ብቻ ግን። ለንደን ስድስት ወር የኖረው ሰውዬ ስድቡን ቅንጣት ታህል ሳይጠራጠር ለስድስት ወር ያህል ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ኖረ።

በማግስቱ ጠዋት አስጠራት። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። እኔ ደግሞ ያን ቀን፣ ይገርማችኋል፣ ኮሪደሩ ልክ እዚያ በር ፊት ለፊት እጅግ ቆሽሾብኝ ነበር። ስወለውል ስወለውል ቆየሁ።

"ይሄን ሁሉ ወር ሲስቁብኝ ከረሙ?" አላት።

"አልሳቅኩም፣ ሙሲዬ።"

"ማዳም ኮክምፖ፣ ይህ ሕንጻ ውስጥ ትዕቢትን በሃምሳ ዓይነት የሚጠሩ እርስዎ ነዎት። ለኔም እንዳወጡልኝ ሰምቻለሁ፣ ሦስት ነው አሉ። ታዲያ ይህን ሁሉ ቃል የሚያውቁ ሴት ይቺን አንዷን አያውቁም ብዬ ልመን?"

ሦስት መሆኑን ማን እንደነገረው አትጠይቁኝ። ለአንድ ሰው ብቻ ነበር ያወራሁት።



"እሺ፣" አለ ቫንካፔል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ይኸው ወረቀት። 'እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለሆነ የቃሉን ትርጉም አላወቅኩም፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ' ይላል። ይፈርሙ። ለዶቨሮቹ እልክላቸዋለሁ፣ እርስዎም ወንበርዎ ላይ ይቀመጣሉ። አውቀው ከሆነ ግን አለቃን ማዋረድ ነው፤ ዛሬውኑ ይወጣሉ። የትኛው ነው?"

በበሩ ክፍተት አየችኝ። እኔ በመወልወያው እንጨት ላይ ተደግፌ በራሴ፣ በቅንድቤ፣ በአገጬ፣ ባለኝ ሁሉ፣ "ፈርሚ! ፈርሚ!" እላታለሁ። እውነቱ እኮ ያው ነው፤ አላወቀችም! ለእውነት ነው የምትፈርመው!

እስክሪብቶውን አነሳች። ወረቀቱን አነበበች፣ እንደ ልማዷ ሁለት ጊዜ። ከዚያ እስክሪብቶውን መልሳ አስቀመጠች።

"ቃሉን አውቀዋለሁ" አለች።

"ምን አሉ?"

"አውቄ ነው ያልኩት። በእንግሊዝኛ እኔን የሚያመልጠኝ የለም።"

ቫንካፔል ቱግ ብሎ ተነሳ፣ ጮኸ፣ ጠረጴዛ መታ። ሶላንዥ እስኪጨርስ ጠበቀችውና ጀመረች። በእንግሊዝኛ! የሃያ ሁለት ዓመት ደብዳቤ ሁሉ፣ የውሻዎቹ፣ የሽንት ቤቶቹ፣ የቀዘቀዘው ሾርባ ቁጣ ሁሉ በአንዴ ወጣ። ድምፅዋን አላነሳችም። ፊደሉን ሁሉ እየጠራች፣ በካሌ ንፋስ፣ ከጫማው ሹል እስከ ፀጉሩ ቅባት አወረደችለት። ቃሉ ባይገባኝም ዜማው ገብቶኛል። መሃል ላይ ቫንካፔል እጁን አንስቶ "ይሄኛው ምን ማለት ነው?" አላት። ማርያምን! እሷም የሥራ ነገር ሆኖባት ቆማ ተረጎመችለት፣ "የሌላውን ድካም እንደ ራሱ ጌጥ የሚያጠልቅ" ብላ። ከዚያ ካቆመችበት ቀጠለች።

ከሰዓት በኋላ አንድ ካርቶን ይዛ ወጣች። ሽርጤን እንኳ ሳላወልቅ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ተከትያት ሮጥኩ።

"አብደሻል እንዴ? አላወቅሽም እኮ! ለምን ዋሸሽ?"

"መዋሸትስ ማን አስተማረኝ?"

"ሶላንዥ፣ አንድ ፊርማ እኮ ነው!"

"ያ ወረቀት ምን እንደሚል ሰምተሻል?" አለችኝ። ባሕሩን እያየች ነው የምታወራኝ። "እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው ይላል። ቤት የለኝም፣ ባል የለኝም፣ ዲፕሎማ የለኝም። ያለኝ 'ሶላንዥ ታውቃለች' የሚባለው ነው። እሱንም በእጄ ጽፌ ልስጠው? ባለጌ ናት ይበሉኝ። ደንቆሮ ናት ከሚሉኝ።"

"ታዲያ ጡረታሽስ?"

"ስለ እናቴ ልናገር ነበር፣" አለች። "መጥፎም ቢሆን የኔ ነበር። አንቺ ግን ሳቅሽ።"

 አውቶቡሱ መጣ። ካርቶኑን ልይዝላት ስል ወደ ራሷ ሳበችው።

አሁን ግራቭሊን ከተማ፣ የትምህርት ቤት ካፍቴሪያ ውስጥ ሳህን ታጥባለች ይላሉ። የቅሬታ ክፍሉ ተዘግቷል፤ ለደብዳቤው ሁሉ ኮምፒውተሩ አንድ ዓይነት መልስ ይልካል። ቫንካፔል ሊል ከተማ ትልቅ ቦታ አግኝቶ ሄዷል፣ እንደሱ ያለ መች ይወድቃል። እኔ እዚያው ኮሪደር ላይ ነኝ። ሰው አሁንም "ኖኤላ፣ እስቲ የሶላንዥንና የቫንካፔልን ተውነሽ አሳዪን" ይለኛል። መጀመሪያ አካባቢ አሳያቸው ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ላይ፣ ሽንኩርት ስመርጥ፣ ከጎኔ ቆማ አገኘኋት። ከስታለች። "ሶላንዥ፣ የኔ እህት" ብዬ ጉንጯን ልስም ተጠጋሁ። ወደ ኋላ አላለችም፣ አልተቆጣችም። ከላይ እስከ ታች አይታኝ፣ ረጋ ብላ፣ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ብቻ ብላኝ ሄደች። ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቀው ቃል ነው።

እኔ የሰው ድምፅ አይጠፋኝም፤ ቃሉ ከነአወጣጧ፣ ከነፊደሉ ሁሉ፣ እንዳለ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ቢሮ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሞልቷል፤ አንዱ ፊት ቆሜ ብጠራው ወዲያው ይተረጉምልኛል። እስካሁን ለማንም አላልኩትም።